ሪጀንሲ ነው ከማለታችሁ በፊት ጠረጴዛውን ገልብጡት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቤትና ኑሮ ዓምዳችሁ ስለ ጥንታዊ የእንግሊዝ የጎን ጠረጴዛዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ርእሱን ማንሳታችሁ ደግ አድርጋችኋል፤ በለንደንም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከጨረታና ከቤት ሽያጭ የሚገዙ አንባቢዎች አሏችሁና። ነገር ግን በፎቶው ላይ ያወጣችሁት ነጭ የተቀባ፣ እግሩ ወርቅማ፣ ላዩ መስታወት የሆነ ጠረጴዛ «የሪጀንሲ ዘመን ሥራ» መባሉ ትክክል አይደለም። ይህ «ሆሊውድ ሪጀንሲ» የሚባለው ነው። በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ እንደ ዊሊያም ሄይንስና ዶሮቲ ድሬፐር ያሉ የቤት ውስጥ ዲዛይነሮች ያስፋፉት ሲሆን፣ ከእውነተኛው ሪጀንሲ በ100 ዓመት ይርቃል። ዕቃው መጥፎ ነው አንልም፤ ስሙና ዋጋው ግን የሌላ ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪጀንሲ በጥብቅ ከተቆጠረ ዘጠኝ ዓመት ብቻ ነው። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ታመው መግዛት ሲያቅታቸው፣ የዌልስ ልዑል የነበረው ልጃቸው ከ1811 እስከ 1820 እንደራሴ ሆኖ ገዛ፤ አባቱ ሲሞቱም ጆርጅ አራተኛ ተብሎ ነገሠ። በአገራችን ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሄንሪ ሶልት የእንግሊዙን ንጉሥ ስጦታ ይዞ ትግራይ ከራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ የደረሰው በ1810፣ እንደራሴነቱ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። ነጋዴዎችና ሙዚየሞች ግን ስልቱን ዘርጋ አድርገው ከ1790ዎቹ አጋማሽ እስከ 1830ዎቹ ይወስዱታል። ምክንያት አላቸው። ልዑሉ የለንደን መኖሪያውን ካርልተን ሃውስን ማሳደስ የጀመረው በ1783 ነው። አርክቴክቱ ሄንሪ ሆላንድም በ1794 ረዳቱን ቻርልስ ሂዝኮት ቴተምን ወደ ሮም ላከው። ቴተም የጥንት ሮማውያንን የእብነ በረድ ዙፋን፣ መቅረዝና የጠረጴዛ እግር እየተመለከተ ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1799 ታተሙ። ዘይቤው የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩት ዲዛይነሮች ከጥንቱ ሕንፃ ጌጡን ብቻ እያነሱ በራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉት ነበር። የሪጀንሲ ሰዎች ደግሞ የጥንቱን ዕቃ ራሱን መልሰው ለመሥራት ተነሡ። ከሁሉ የሄደበት ቶማስ ሆፕ (1769–1831) ነው። ከአምስተርዳም የባንክ ቤተሰብ የተወለደ፣ ግሪክን፣ ግብፅንና ቱርክን የዞረ ባለጸጋ ነበር። ለንደን ዱቸስ ስትሪት ያለውን ቤቱን በራሱ ንድፍ ሞላውና በ1807 የዕቃዎቹን ሥዕል በመጽሐፍ አወጣ። በማግስቱ ዓመት ጆርጅ ስሚዝ ያንኑ ፈለግ ተከትሎ ለተራው አናጢና ለደንበኛው የሚቀርብ የንድፍ ስብስብ አሳተመ፤ የሩዶልፍ አከርማን ወርኀዊ መጽሔትም ከ1809 እስከ 1828 ፋሽኑን በየቤቱ አደረሰው። ስለ ግብፅ ብዙ ይወራል። ናፖሊዮን በ1798 ግብፅ መዝመቱ፣ የእንግሊዙ አድሚራል ኔልሰን በዚያው ዓመት የፈረንሳይን መርከቦች በአባይ አፍ ላይ መምታቱ፣ ከዘመቻው ጋር የሄደው ሠዓሊ ዴኖን በ1802 የሐውልቶቹን ሥዕል ማውጣቱ እውነት ነው። ይሁንና የስፊንክስ ራስና ሎተስ የተቀረጸበት የጎን ጠረጴዛ በገበያ ላይ የሚታየው አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛው ግሪካዊ ነው። «ግብፃዊ» የሚለው ቃል በማስታወቂያ ሲደጋገም መጠርጠር ይሻላል።

«የጎን ጠረጴዛ» የሚለው ስም ብዙ ዓይነት ዕቃ ይሸፍናል። በሁለት መስኮቶች መካከል፣ ከረጅም መስታወት ሥር እንዲቆም የተሠራው ከፍ ያለ ነው፤ ከ85 እስከ 92 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ጀርባው ግድግዳ ስለሚነካ አይጌጥም፤ አንዳንዴም በእግሮቹ መካከል መስታወት ይገባለታል። ግማሽ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ሆኖ ላዩ በሁለት የሚታጠፈው የካርታ መጫወቻ ነው፤ ሳይገለጥ ግድግዳ አጠገብ ስለሚቀመጥ የጎን ጠረጴዛ ተብሎ ይሸጣል። አንዱ በሌላው ሥር የሚገባ የአራት ትንንሽ ጠረጴዛዎች ስብስብ አለ። ከሁሉ የሚፈለገው ግን የሶፋ ጠረጴዛ ነው። ቶማስ ሸራተን በ1803 መዝገበ ቃላቱ ልኩን ሲሰጥ ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ጫማ፣ ወርዱ ከ22 እስከ 24 ኢንች ነው ይላል። በእኛ መለኪያ ርዝመቱ ከ1.5 እስከ 1.8 ሜትር፣ ወርዱ ከ56 እስከ 61 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ተከፋቾቹ ክንፎች በአጫጭሮቹ ጫፎች በኩል ናቸው። በረጃጅሞቹ ጎኖች በኩል ከሆኑ ጠረጴዛው ፔምብሮክ የሚባለው የቀደመ ዓይነት ነው፤ በጽሑፋችሁ ላይ ሁለቱ ተቀላቅለዋል።

መልኩን በተመለከተ፣ ከእግሩ መጀመር ይበጃል። እንደ ጎራዴ ወደ ውጭ የሚቆለመመው እግር ከጥንት ግሪኮች ወንበር የተወሰደ ነው። በጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ከመካከል ምሰሶ ወይም ከጎን ድጋፎች ተነሥቶ ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ በናስ የተሠራ የአንበሳ መዳፍ ይለብሳል፤ ከመዳፉም ሥር ትንሽ ጎማ አለ። የጎን ድጋፉ አንዳንዴ የግሪክ በገና ቅርጽ ይይዛል። የአንበሳ ራስና ደረት ወርዶ በአንድ መዳፍ የሚያልቀው እግር ደግሞ በቀጥታ ከሮማ እብነ በረድ የመጣ ነው። እንጨቱ ማሆጋኒ ወይም ከብራዚል የሚመጣው ጥቁር መስመር ያለው ሮዝውድ ነው። አቅም ያጠረው ደንበኛ ቢች የተባለውን ርካሽ እንጨት በቀለም ሮዝውድ አስመስሎ ያሠራ ነበር። ይህን እንደ ማጭበርበር የሚቆጥሩ አሉ፤ አይደለም፤ በዘመኑ በግልጽ የሚሸጥና የተከበረ ሥራ ነው። ጌጡም በብዛት ቅርጻ ቅርጽ ሳይሆን በጥቁር እንጨት ውስጥ የተቀበረ ቀጭን የናስ መስመር ነው። ጆርጅ ቡሎክ የተባለው በ1818 የሞተ ባለሙያ በዚህ የናስ ሥራ የታወቀ ነበር፤ ናፖሊዮን በሴንት ሄሌና በግዞት ሳለ የእንግሊዝ መንግሥት የላከለትን የቤት ዕቃ ያዘጋጀውም እሱ ነው።

ይህን ሁሉ ግን የ1930ዎቹም ሆነ የ1970ዎቹ አስመሳይ ዕቃ ያሟላል። በ1917 የሆፕ ቤተሰብ የነበረው የዲፕዲን ቤት ዕቃ ለጨረታ ሲወጣ፣ የቲያትር ደራሲው ኤድዋርድ ኖብሎክ ገዝቶ ቤቱን አስጌጠበት፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ስልቱ እንደገና ፋሽን ሆነ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በማሆጋኒና ዩ በተባለ እንጨት ስስ ልባጥ የተሸፈነ ትንንሽ «ሪጀንሲ» ጠረጴዛ በገፍ አመረቱ። ላዩ አረንጓዴ ቆዳ ሆኖ በዙሪያው የወርቅ ሐረግ የታተመበት ከነዚህ አንዱ ነው። ፊቱ ስለሚያታልል ምስክሩን ከሥሩ መፈለግ ነው።

መጀመሪያ መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት። የዘመኑ መሳቢያ ጎኑ ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀጭን ኦክ ነው፤ በርካሹ ዕቃ ላይ ጥድ ይሆናል። ፊቱና ጎኑ የሚጋጠሙበት ጥርስ በእጅ መጋዝና መሮ የተከፈተ ስለሆነ ወርዱ ትንሽ ትንሽ ይለያያል፤ ባለሙያው ለምልክት በመርፌ የጫረው ቀጭን መስመርም ሳይጠፋ ይታያል። ጥርሱ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ጫፉም ክብ ከሆነ ማሽን ነው። የመሳቢያው ወለል ኮምፔንሳቶ ከሆነ ወይም ያ ክፍል ተተክቷል ወይም ጠረጴዛው የ20ኛው መቶ ዓመት ነው። የጎኑ የታች ጠርዝ በመንሸራተት ብዛት ወደ ኋላ በኩል በልቶ መሳሳት አለበት፤ ይህ መበላት በሐዲዱ ላይ ካለው መበላት ጋር ካልገጠመ መሳቢያው ከሌላ ዕቃ መጥቷል። በመሳቢያው ፊት ዙሪያ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ወጣ ያለ ግማሽ ክብ ጠርዝ ይኖራል። ከውስጥ በኩል ደግሞ የእጀታ ቀዳዳዎችን ቁጠሩ፤ ትርፍ ቀዳዳ ካለ እጀታው ተቀይሯል። የሶፋ ጠረጴዛ በአንድ ጎኑ ሁለት እውነተኛ፣ በሌላው ሁለት የማይከፈቱ አስመሳይ መሳቢያዎች ቢኖሩት አትደንግጡ፤ ድሮም እንደዚያ ነው የሚሠራው።

ቀጥሎ ብሎኑ። አንዱን በቀስታ ፈትታችሁ ጫፉን እዩ። እስከ 1840ዎቹ የተሠራ ብሎን ጫፉ ድፍን ነው፤ ሹል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው የተስፋፋው። በራሱ ላይ ያለው ስንጥቅም በእጅ ስለተቆረጠ ከመሃል ሸሸት ይላል። ባለ መስቀል ራስ ብሎን ካገኛችሁ ከ1930ዎቹ ወዲህ የገባ ነው። አንድ አዲስ ብሎን ጠረጴዛውን አያስኮንነውም፤ ከአዲሱ ብሎን ጋር የድሮው ቀዳዳ አለመኖሩ ግን ያስኮንነዋል።

ክንፍ ያለው ጠረጴዛ የማይዋሽ ምስክር አለው። ክንፉን የሚደግፈው የሚሽከረከር እንጨት በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የክንፉን ሥር እየፋቀ ቅስት ምልክት ይተዋል። ክንፉን ዘርጉና ድጋፉን አዙሩት፤ ጫፉ በዚያ ቅስት ላይ መሄድ አለበት። ቅስቱ ከጎን ካለፈ፣ ሰሌዳው፣ ማለትም የጠረጴዛው የላይ ክፍል፣ ከሌላ ጠረጴዛ የመጣ ነው። ቅስት ጭራሽ ከሌለም ያው ነው። በሶፋ ጠረጴዛ ዋጋ የተነሣ በቁም መስታወት እግር ላይ አዲስ ሰሌዳ ገጥመው የሚሸጡም አሉ፤ በጎን ድጋፎቹ ላይ መስታወቱ ይሽከረከርበት የነበረው ቀዳዳ በእንጨት ተደፍኖ ይገኛል፤ በብርሃን አግድመት ሲታይ የድፍኑ ክብ ጎልቶ ይወጣል።

ስለ ልባጡም ጥቂት እንበል። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ የዘመኑ ልባጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በክብ መጋዝ የተቆረጠው ከዚያ ይሳሳል። በቢላ የሚቆረጠው የዛሬው 0.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጠርዙ በተሰበረበት ቦታ ወይም በቁልፉ ቀዳዳ በኩል መለካት ይቻላል። ክብ ሰሌዳ ከሆነ ደግሞ ሜትር አውጥታችሁ በሁለት አቅጣጫ ለኩት፤ እንጨት በወርዱ እንጂ በርዝመቱ እምብዛም ስለማይኮማተር የ200 ዓመት ክብ ሰሌዳ በአንድ በኩል ጥቂት ሚሊ ሜትር ያጥራል። ፍጹም ክብ የሆነ ክብ አዲስ ነው።

ጽሑፋችሁ የተነሣውን የናስ መስመር «በሱፐር ግሉ አጣብቆ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል» ይመክራል። እባካችሁ ይህ ይታረም፤ በዚህ መንገድ የሚበላሽ ጠረጴዛ በዘመን ብዛት ከሚበላሸው ይበልጣል።

ናሱ የሚነሣው እንጨቱ በመኮማተሩ ነው። መስመሩ የተቀበረበት ቦይ አጠረ፤ ናሱ ግን እንዳለ ነው፤ ስለዚህ ትርፉ ወደ ላይ ይጎብጣል። በላዩ የአቧራ ጨርቅ ሲያልፍ ይያዝና እስከ አንድ ስንዝር ተነቅሎ ይታጠፋል። የታጠፈ ናስ ቀና ቢደረግም ምልክቱ አይጠፋም። ስለዚህ መነሣቱን እንዳያችሁ ጨርቅ አታሳልፉበት፤ በለስላሳ ብሩሽ ብቻ አጽዱ። ከዚያ በቦዩ ውስጥ ያለውን የደረቀ የድሮ ኮላ ለብ ባለ ውሃ በረጠበ የጥጥ እንጨት እያለሰለሳችሁ በቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ አውጡ። ብረት አትጠቀሙ፤ የቦዩን ከንፈር ይሰብራል። ውሃውም ጥቂት ይሁን፤ የአጎራባቹን ልባጥ ኮላ እንዳያስለቅቅ። የናሱን የታች ፊት በአልኮል ጥረጉ፣ በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት፣ ከዚያም በተቆረጠ ነጭ ሽንኩርት እሹት። ሽንኩርቱ ቀልድ አይደለም፤ ከቆዳ የሚቀቀል ኮላ ብረት ላይ አልይዝ ስለሚል የእንጨት ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ዘዴ ነው።

ኮላ ሳታደርጉ መስመሩን ወደ ቦዩ መልሱና ይበቃው እንደሆነ ሞክሩ። ትርፍ ካለ፣ መስመሩን በመሃል አትቁረጡት። በማዕዘን ላይ ሁለቱ መስመሮች በ45 ዲግሪ ከሚገናኙበት ጫፍ ላይ በሞረድ ግማሽ ሚሊ ሜትር ግማሽ ሚሊ ሜትር እየወሰዳችሁ እየለካችሁ ሂዱ። ከዚያ ትኩስ የቆዳ ኮላ ወይም የዓሣ ኮላ በቦዩ ውስጥ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ መስመሩን አስገቡ፤ የተረፈውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ ሰም የተቀባ ወረቀት ደርባችሁ ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ በማሰሪያ ለ24 ሰዓት አጥብቁ። እነዚህን ኮላዎች የምንመርጠው ነገ ሌላ ሰው በሙቀትና በእርጥበት ሊፈታቸው ስለሚችል ነው። ሱፐር ግሉ ግን በቀዳዳው ውስጥ ጠጥቶ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፤ ከሮዝውድም ላይ አይወጣም።

ከተጣበቀ በኋላ መስመሩ ከልባጡ በጸጉር ያህል ከፍ ብሎ ከቀረ ተዉት። በብርጭቆ ወረቀት ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ናሱን ዝቅ ከማድረጉ በፊት በግራና በቀኝ ያለውን እንጨት ይበላዋል። በዚያ ላይ የናሱ ብናኝ በሮዝውዱ ቀዳዳ ገብቶ ጥቁሩን እንጨት አቧራማ ያስመስለዋል። አሞኒያ ያለበት የናስ ማጽጃም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ በመጋጠሚያው ነጭ ቅሪት ይሰበስባል፣ የእንጨቱንም ቅብ ይነክሳል። የናስ መዳፎቹና እጀታዎቹ ሲሠሩ ወርቅ በሚመስል ላከር ተቀብተው ነበር፤ እስኪያብረቀርቁ መፈግፈግ ከዚህ የተረፈውን ማጥፋት ነው።

ስለ ቅቡ አጭር ነገር እናክል። ሼላክ የተባለውን ከነፍሳት ሙጫ የሚሠራ ቅብ በጨርቅ እየደራረቡ የማልበሱ ዘዴ ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የገባው የናፖሊዮን ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1820 አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘይትና ሰም ነው። ስለዚህ የ1805 ጠረጴዛ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ቆይቶ የተለበሰ ነው። ልጦ እንደገና መቀባት ግን ዋጋውን ይገድላል። በዓመት አንድ ጊዜ ስስ የንብ ሰም ይበቃዋል።

ዕቃውን ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ለመውሰድ ያሰበ ሰው ዋና ጠላቱ መንገዱ ሳይሆን ደረቅ አየር መሆኑን ይወቅ። ከለንደን እርጥበት ወጥቶ በአዲስ አበባ በጋ ወይም በዱባይ ኤር ኮንዲሽነር ሥር የገባ ሰሌዳ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰነጠቃል፤ ናሱም ያን ጊዜ ነው የሚነሣው። የክፍሉ እርጥበት ከ45 እስከ 60 በመቶ ቢሆን መልካም ነው። ጠረጴዛውን ከመስኮት ፀሐይና ከኤር ኮንዲሽነር ንፋስ አርቁት፤ ከጉዞ እንደደረሰም በመጠቅለያው ውስጥ ጥቂት ቀን ይቆይ።

ወረቀትም አለው። የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ፣ ለመጥፋት የተቃረቡ ዕፅዋትና እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ በሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አንደኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥንታዊ ዕቃ ቢሆንም ድንበር ሲሻገር የፈቃድ ሰነድ ይጠየቅበታል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። የቁልፉ ቀዳዳ ክፈፍ ወይም የመሳቢያው እጀታ የዝሆን ጥርስ ከሆነ ደግሞ በብሪታንያ ከሰኔ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ፣ ከ1947 በፊት የተሠራና የጥርሱ መጠን ከ10 በመቶ በታች የሆነ ዕቃ እንኳ ከመሸጡ በፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሻጩን የምዝገባ ማስረጃ ጠይቁት።

በሚቀጥለው እትማችሁ ስለነዚህ ጠረጴዛዎች የምታወጡ ከሆነ፣ ከፊት ገጽታቸው ፎቶ ጋር የተሳበ መሳቢያና የተገለበጠ ሰሌዳ ፎቶ አብራችሁ ብታወጡልን፣ የሱፐር ግሉውንም ምክር ብታርሙልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
በለንደን የጥንታዊ የቤት ዕቃ ጠጋኞች